ማየት ርካሽ፣ መቀመጥ ውድ

ዘውጉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ርእሱ ላይ ቁጥር አለ፦ «አዲስ አበባን በ500 ብር በአንድ ቀን!» ጠዋት ታክሲ ውስጥ ይጀምራል። ከዚያ ድንቅነሽ፣ ከዚያ ማኪያቶ፣ ከዚያ የሆነ ሐውልት ሥር ሁለት ጣት፣ ከዚያ በያይነቱ፣ ማታ ላይ መስቀል አደባባይ ከነመብራቱ። ስክሪኑ ጥግ ላይ የቀረው ብር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ልክ ጌም ላይ ነፍስ እንደሚቀንሰው። መጨረሻ ላይ «ኧረ ተርፎኛል!» ይባላል፣ ሠላሳ ምናምን ብር ካሜራው ፊት ይውለበለባል፣ በቃ አለቀ። ርዝመቱ ዘጠና ሰከንድ።

በዚህ ዘውግ ማሾፍ ቀላል ነው። ኮመንት ላይ በቂ አሿፊ ስላለ እኔ አልጨምርም። ከምር ልወስደው ነው የፈለግኩት፤ ምክንያቱም ወደድንም ጠላንም ዛሬ በአማርኛ ሰው በብዛት የሚከታተለው የጉዞ ትረካ ይሄ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከጃፓን ተመልሰው በ1924 «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ሲያሳትሙ፣ ጉዞውን የሚጽፈው ሰው ንጉሥ የላከው መልእክተኛ ነበር። የዛሬው ተጓዥ ከጀሞ ወይ ከኮዬ ፈጬ የተነሳ ልጅ ነው፤ የላከው የለም፣ አበል የለውም፣ የሚጓዘውም ወደ ገዛ ከተማው መሀል ነው። አዲስ አበባን ለመጎብኘት እንግዳ መሆን አያስፈልግም የሚለውን ያስለመደን ይሄ ዘውግ ነው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል።

ቅሬታዬ አንድ ነው፦ የሚቆጥረው ሌላ፣ የሚያስከፍለን ሌላ። አዲስ አበባ ውስጥ ማየት ውድ ሆኖ አያውቅም። ውድ የሆነው መቀመጥ ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር

በሙያዬ ኮድ ነው የምጽፈው። እኛ ዘንድ ነገ ሊለወጥ የሚችልን ዋጋ ፕሮግራሙ ውስጥ እንዳለ ጽፎ መተው «ሃርድኮድ ማድረግ» ይባላል፤ ጀማሪ ሲያደርገው ሲኒየሩ ይቆጣል። ዛሬ ይሠራል፣ ዋጋው ሲለወጥ ይሰበራል። ርእስ ላይ የተለጠፈው 500 ብር እንዲያ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ ዘለለ። ከዚያ በፊት የተሠራ የበጀት ቪዲዮ ዛሬ ሲታይ መረጃነቱ ቀርቶ ትዝታ ሆኗል። ኮመንቱም ለቅሶ ቤት ይመስላል፤ ሰው እየመጣ «ያኔ ምግብ በዚህ ዋጋ ነበር?» ብሎ አዝኖ ይሄዳል።

የባሰው ግን ቁጥሩ የማን እንደሆነ አለመነገሩ ነው። ያንኑ ቪዲዮ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች እህታችንም ታየዋለች፣ ቱሉ ዲምቱ ያለ ወንድማችንም ያየዋል። ያው አንድ ምንዛሪ ለእሷ ከተማዋን አርክሶላታል፣ በእሱ ላይ አስወድዶበታል። ለእሷ 500 ብር «ይሄን ያህል ርካሽ ነው እንዴ!» ነው፤ ለእሱ የሳምንት የታክሲ ሒሳብ ነው። ቪዲዮው ሁለቱንም «ጋይስ» ብሎ ይጠራቸዋል።

መነሻውም እንዲሁ ይሰወራል። ጉዞው ሁልጊዜ ቦሌ ወይ አራት ኪሎ ላይ ይጀምራል፤ ተጓዡ እዚያ ያደረ ይመስል። ከኮንዶሚኒየሙ እስከ መሀል ከተማ ያለው ሰልፍና ሁለት ታክሲ፣ ማታ ደግሞ የመመለሻው ጭንቅ፣ ቆጣሪው ውስጥ አይገባም። የቀላል ባቡሩ ታሪክ እዚህ ጋ መነሳት አለበት። መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ትኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር፤ አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ። ተጨናንቃችሁም ቢሆን መስኮት ጋ ከደረሳችሁ የከተማዋን ጓሮ፣ የቆርቆሮውን ጣሪያና የተሰጣውን ልብስ ከፍ ብላችሁ ታዩ ነበር። ከተማዋ እስከዛሬ ካቀረበችልን የበጀት ጉብኝቶች አንደኛው እሱ ይመስለኛል። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ሲቆሙ፣ የጠፋው መጓጓዣ ብቻ አልነበረም። የድሃው መስኮትም አብሮ ጠበበ።

ቁልቁለቱ

አሁን ከዘጠና ሰከንዱ ወጥተን መንገዱን ራሱን እንፈትሽ። ከተማዋ ከእንጦጦ ወደ ደቡብ የምትወርድ ቁልቁለት ናት። ኪሱ የሳሳ ሰው ይሄን ማወቅ አለበት፦ በታክሲ ወደ ላይ፣ በእግር ወደ ታች። ከስድስት ኪሎ ተነስቶ በአምስት ኪሎ፣ በአራት ኪሎ፣ በፒያሳ፣ በቸርችል ጎዳናና በለገሃር አድርጎ መስቀል አደባባይ ለመድረስ ከሰባት ኪሎ ሜትር በላይ አይኬድም።

ስድስት ኪሎ አደባባዩ ላይ የየካቲት 12 ሐውልት ቆሟል፤ ለማየት አይከፈልም። ተሻግሮ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ሕንፃው የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ነው፤ በቀጣዮቹ ቀናት ከተማዋ ውስጥ በሺዎች ተጨፈጨፉ፣ ሐውልቱም የቆመው ለእነሱ ነው። ታኅሣሥ 1953 የእነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ታግተው የነበሩት ባለሥልጣናት የተረሸኑትም እዚሁ ቤተ መንግሥት፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው።

ግቢው ውስጥ ደግሞ ጣሊያን የፋሺስት አገዛዙን ዓመታት ለመቁጠር በዓመት አንድ ደረጃ እያደረገ የሠራው፣ የትም የማያደርስ መሰላል አለ። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጧል። ቪዲዮዎቹ ይሄን መሰላል ይወዱታል፤ ፎቶ ላይ ያምራል። «የትም አይወስድም፣ ሃሃ» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን አንበሳውን እዚያ ያስቀመጠው ሰው በከተማዋ ውስጥ ከተሠሩ አጫጭር ሂሶች ሁሉ ምርጡን ሠርቷል ባይ ነኝ። ደረጃውን አላፈረሰም፣ አልሸፈነም፣ ማብራሪያ አልለጠፈም። የሌላውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ትቶ መጨረሻው ላይ አንድ ቃል ጨመረበት፤ ትርጉሙ ተገለበጠ። ይሄን ለማየት ብር አይጠይቅም፣ አሥር ደቂቃ መቆም ይጠይቃል። ዘውጉ ያጠረው ያቺ አሥር ደቂቃ ናት።

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ስንደርስ ጉዳዩ ይከብዳል። ኅዳር 1967 ሀዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ የሁሉም ቪዲዮ ኮከብ ናት። «ይሄው ጋይስ፣ የሁላችንም እናት!» ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ግን ቅጂ ነው። እውነተኛው አጥንት ለጎብኚ በማይከፈት ቦታ ይጠበቃል። ነሐሴ 2017 እውነተኛዋ ራሷ ፕራግ ሄዳ ለሁለት ወር ያህል ለሕዝብ ታየች። ቅጂ ማሳየት ነውር የለውም፤ አጥንቱ ተሰባሪ ነው፣ ሙዚየሞች እንዲህ ያደርጋሉ። የሚገርመኝ በዚህ ሁሉ ቪዲዮ ውስጥ «እኛ ቅጂውን አይተን ፕራግ ዋናውን ያየው ለምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ማጣቴ ነው። ትኬቱ ርካሽ ሲሆን ምን እንደገዛን መጠየቅ ነውር የሆነ ያህል ዝም እንላለን። የበጀት ዘውግ ትልቁ በሽታ ይሄ ይመስለኛል፦ ርካሽነትን ራሱን እንደ መልስ መቁጠር።

እግር ሲዝል

አራት ኪሎ ደርሰናል። እስካሁን ማየቱ ያን ያህል አላስወጣም። እግር ግን ዝሏል፣ ፀሐይ በርትቷል፣ መቀመጥ ያስፈልጋል። የት?

ካፌ ከተባለ ማዘዝ ግድ ነው። አንድ ማኪያቶ ይዛችሁ ሁለት ሰዓት ብትቆዩ አስተናጋጇ ያንኑ ጠረጴዛ ሦስት ጊዜ ትወለውላለች፤ ጥያቄ መሆኑ ይገባችኋል። የታጠረ ፓርክ ከተባለ በሩ ላይ ትኬት አለ። የጀበና ቡና በርጩማ ኪራዩ ርካሽ ነው፣ ሲኒው ሲያልቅ ግን ኪራዩም ያልቃል። በዚህ ረገድ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ያለው የፒያሳው ቶሞካ ሐቀኛ ነው፤ ቡናው በአብዛኛው ቆሞ ነው የሚጠጣው። ቡና እሸጣለሁ እንጂ ወንበር አላከራይም ይላል፣ ተግባብቶ መለያየት ነው።

በነጻ የሚቀመጡበት ቦታ የት እንደሆነ የከተማዋ ልጆች ያውቁታል። የቅድስት ሥላሴ ካቴድራልን ውስጥ ገብቶ ለሚጎበኝ ክፍያ አለ፤ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር የተቀመጠውን ግን የሚያስነሳው የለም። እዚያ ግቢ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን አለ፣ አፈወርቅ ተክሌ አለ፣ ሲልቪያ ፓንክረስት አለች። አንድ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ መቶ ብር ሳያወጣ ከሰዓቱን ሙሉ ከእነሱ ጋር መዋል ይችላል። በሶላት ሰዓታት መሀል የአንዋር መስጊድ ጥላም እንዲሁ ነው፤ ምእመኑ ጋደም ይላል፣ ጫማውን ተንተርሶ ያሸልባል። ስናስበው የእምነት ቤቶቻችን የከተማዋ የመጨረሻ ነጻ ወንበሮች ናቸው። ያ ደግሞ ጥያቄ ያስነሳል፦ የዚያ እምነት ያልሆነው፣ ወይ ዛሬ መጸለይ ያላሰኘው፣ ዝም ብሎ እግሩን ማሳረፍ ብቻ የፈለገው ሰው የት ይሂድ?

ቪዲዮዎቹ ይሄን ጥያቄ አያነሱም፤ አይችሉምም። ኤዲት ማድረግ ማለት መቀመጥን ቆርጦ ማውጣት ነውና። ገንዘብ የሌለው ሰው ቀን ግን ግማሹ መቀመጥና መጠበቅ ነው፤ ጓደኛ መጠበቅ፣ ታክሲ መጠበቅ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ሱቅ ደጃፍ መጠለል። ልብ ወለዶቻችን ይሄን ያውቁ ነበር። በበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» (1962) ይሁን በስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የውቤ በረሃ ሌሊቶች፣ ሰዎቹ አዲስ አበባን አይጎበኙም። ይቀመጣሉ፣ ያወራሉ፣ ይሰለቻሉ፣ ይነሳሉ፣ ሌላ ቦታ ሄደው ይቀመጣሉ። ከተማዋን ያወቅናት እነሱ አንድ ቦታ ላይ ስለቆዩልን ነው። በዘጠና ሰከንድ ስምንት ቦታ የሚዞር ሰው ስምንቱንም ያሳየናል፤ አንዱም ጋ አያቆየንም።

ድምፁን ማን ወሰደው?

መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የድሮዋን አዲስ አበባ ጭምር የመዘገቡበትን የትዝታ መጽሐፍ፣ «የሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ»ን፣ «ካየሁትና ከሰማሁት» የሚል ንዑስ ርእስ ሰጥተውታል። ሁለቱም ቃላት ቦታ አላቸው። የእኛ ዘውግ «ካየሁት» ላይ ቆሟል። የከተማዋ ድምፅ በሙሉ ወጥቶ በምትኩ የሳምንቱ ተወዳጅ ዘፈን ተለጥፏል። ወያላው «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ሲል አይሰማም። «ልዋጭ!» የሚለው ጩኸት የለም፤ ሠፈሩ ምን እንደሚጥልና ምን እንደሚለውጥ የሚነግረን እሱ ነበር። ከታክሲው ኋላ ወንበር የሚነሳው ስለ ዋጋ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጅ ትምህርት ቤት የሚደረገው ክርክርም የለም። ከዚያ በላይ ነጻ የሆነ መዝናኛ ደግሞ ከተማዋ የላትም።

ይሄ ጉዳይ ከጣዕም አልፎ ክብር የሚነካበት ቦታ አለ። መስቀል አደባባይ ጥግ ላይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ነው የተከፈተው። የመግቢያ ክፍያ የለውም፤ የመዋጮ ሣጥን አለ። ከጅምላ መቃብር የወጡ አጽሞች፣ የሟቾቹ ፎቶግራፎች፣ ልብሶቻቸው አሉ። ከዚያ ዘመን እስር የተረፉ ሰዎች ራሳቸው አስጎብኚ ሆነው ያገለገሉበት ቤት ነው፤ ማለትም ሙዚየሙ በዋናነት የሚደመጥ ነው። በዘውጉ ውስጥ ሲመጣ ግን ብዙውን ጊዜ ሦስት ሰከንድ፣ አሳዛኝ ፒያኖ፣ እና «ይሄኛው ደግሞ ፍሪ ነው ጋይስ!» ይሆናል። ቆጣሪው ላይ ዜሮ ብር። ቀጣይ፦ በርገር።

ቪዲዮ ሠሪው ክፉ ሆኖ አይደለም። ቅርጹ ያስገድደዋል፤ ብር የማይቆጥርበት ነገር ሁሉ በቆጣሪው ዓይን «ቦነስ» ነው። ዝርዝሩን ጎን ለጎን ስናስቀምጠው ግን አንድ ነገር ይታያል። በነጻ የተሰጡን ስፍራዎች ብዙዎቹ የሞት መታሰቢያዎች ናቸው፤ የየካቲት ሰማዕታት፣ የቀይ ሽብር ሰማዕታት፣ የካቴድራሉ መቃብሮች። ጥላ፣ ሣርና ወንበር ግን በር ላይ ቲኬት ቆራጭ አላቸው። ከተማዋ ሐዘኗን በነጻ ታካፍላለች፣ ዕረፍትን ትሸጣለች።

አዲሱ ወንበር

ፍትሐዊ ለመሆን አዲሷን አዲስ አበባም ማየት ያስፈልጋል። አንድነት ፓርክ መስከረም 2012 ሲከፈት መደበኛው ትኬት 200 ብር፣ ቪአይፒው 1000 ብር ነበር። ለዘመናት ተዘግቶ የኖረ ግቢ ለሕዝብ መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ቤተ መንግሥቱን ስንከፍት ማዕረጉንም በትኬት መልክ ማስገባታችን ደግሞ ፈገግ ያሰኛል። የካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳን ለጎብኚ አዲስ ምክንያት ሰጥቷታል። ከዚያው ዓመት ጀምሮ የመጣው የኮሪደር ልማት ደግሞ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራትና አግዳሚ ወንበር ዘርግቷል። ቅዳሜ ማታ አራት ኪሎ ብትሄዱ አግዳሚዎቹ ሙሉ ናቸው፤ ጥንዶች፣ ተማሪዎች፣ ልጅ የታቀፉ እናቶች። ማንም አያስከፍላቸውም። ይሄ ክርክሬን ያፈርሰዋል? በከፊል፣ አዎ። ያፍርሰው፤ ደስ ይለኛል።

ግን ዶሮ ማነቂያን አስቡ። በዚያ በፈረሰው የፒያሳ ሠፈር ሰው ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥቶ ይቀመጥ ነበር። ቤቱ ያረጀ ነበር፣ መጸዳጃው የጋራ፣ ጣሪያው የሚያፈስ፤ ናፍቆት ይሄን አይሸፍነውም። ደጃፉ ግን ነጻ ወንበር ነበር፣ ከተማዋም በፊቱ ታልፍ ነበር። ከፒያሳ የተነሱት ብዙዎቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። ዛሬ በድሮ ሠፈራቸው የተተከለው አግዳሚ ላይ ለመቀመጥ መጀመሪያ የሁለት ታክሲ መክፈል አለባቸው። ወንበሩ ነጻ ነው፤ ወንበሩ ጋ መድረስ ነው ያስወደደው። ስለ አዲሱ አግዳሚ የተሠሩት ቪዲዮዎች ሁሉ ማታ ማታ የተቀረጹ፣ መብራቱ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ከተቀመጡት ሰዎች አንዱን «ከየት መጣህ? ስንት አወጣህ? ስንት ሰዓት ላይ መመለስ አለብህ?» ብሎ የሚጠይቅ ገና እጠብቃለሁ።

ይሄ ዘውግ እንዲጠፋ አልመኝም። ያድግ ዘንድ እመኛለሁ፤ ለማደግም የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። መነሻ ሠፈሩን ይናገር። ዘፈኑን አንስቶ ወያላውን ያሰማን። ሦስት ቦታ ይበቃዋል፣ አንዱ ጋ ግን ይቆይ። ከሁሉም በላይ ስክሪኑ ጥግ ላይ ሁለተኛ ቆጣሪ ይጨምር፤ ብሩ ወደ ታች ሲቆጥር እሱ ወደ ላይ የሚቆጥር፦ ማንም ሳያስነሳው፣ ምንም ሳያዝ፣ ምንም ሳይሳለም የተቀመጠባቸው ደቂቃዎች። መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ፣ ጠዋት ሯጮች ላባቸውን በሚያንጠባጥቡበት፣ ምናልባት ሃያ ደቂቃ። አራት ኪሎ አግዳሚ ላይ፣ ቦታ ከተገኘ፣ አሥራ አምስት። ለገሃር ዜሮ፣ ስታዲየም ዜሮ፣ እያለ ይቀጥል። ቪዲዮው ሲያልቅ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያሳየን። የመጀመሪያው በሚቀጥለው ወር ያረጃል። ሁለተኛውን ግን ለከተማው ምክር ቤት አባላት ሼር ብናደርግላቸው አይከፋም።